ያቺ ዘፋኝ ስሟ ማን ነበር?

ባለፈው ህዳር መጨረሻ ላይ ከሬገን ኤርፖርት አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ጫንኩ። 77 ወይ 78 ቢሆናቸው ነው፣ አንዲት ትንሽዬ ሻንጣ ይዘዋል፣ ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው አረማመዳቸው ይናገራል። መድረሻቸው ሰባተኛና ቲ ስትሪት። ያን ሰፈር ለናንተ መግለጽ አያስፈልገኝም፣ ዘጠነኛ መንገድ ላይ ክትፎ በልቶ ሲወጣ የፓርኪንግ ቅጣት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ያልጠበቀው የዲሲ ሐበሻ ካለ እጁን ያውጣ። መኪናው ውስጥ ዝቅ አድርጌ የከፈትኩት የኛኑ የድሮ ዘፈን ነበር፣ ያው ኦርጋኑ ሹል ብሎ የሚሰማው ዓይነት፣ እና ድልድዩን ሳንሻገር ከኋላ "ይቅርታ፣ ይሄ ኦርጋን ፋርፊሳ ነው እንዴ?" አሉኝ።

ስንት ዓመት ነድቻለሁ፣ ስለ ዘፈኑ የሚጠይቅ ሰው ሞልቷል፣ አብዛኛው "ከየት ነህ?" ለማለት መንደርደሪያ ነው። የኦርጋኑን ማርክ የጠየቀኝ ግን እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እኔ ደግሞ የድሮ ኪቦርድ ተጫዋች ነኝ (ተጫዋች ማለት ትንሽ ይበዛበታል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰርግ ላይ የምቆም ሰውዬ ነበርኩ) ስለዚህ አላስቻለኝም፣ ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው። ትንሽ ሰምተው "እኛም እንደዚህ ዓይነት ነበረን፣ የአንዱ ልጅ እናት በወር በወር እየከፈለች የገዛችው" አሉ።

ባንድ ነበራቸው። አምስት ልጆች፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አንዲት ትንሽ ከተማ፣ የአንዱ አባት ጋራዥ። ቢትልስ በ1964 የካቲት በቴሌቪዥን ከታዩ በኋላ አሜሪካ ውስጥ ጊታር ያለው ልጅ ሁሉ ባንድ ሆኖ ነበር፣ መኪናው ይወጣል፣ አምፕሊፋየሩ ይገባል፣ ጎረቤት ይጮሃል፣ በቃ ባንድ ነህ። ጋራዥ ባንድ የሚለው ስም እራሱ በኋላ የወጣላቸው ነው። አብዛኞቹ አንድ ሸክላ እንኳን ሳያስቀዱ ልጆቹ ግማሹ ኮሌጅ ግማሹ ቬትናም ሄዶ ቀሩ፣ ያስቀዱትም ጥቂት መቶ ኮፒ አሳትመው ለዘመድና ለክፍል ጓደኛ ሸጠው ቀሩ። የሳቸው ያልተቀዳው ውስጥ ነው።

ሃዋርድ ቲያትር ፊት ለፊት አቁም አሉኝ። መውረድ ግን አልፈለጉም፣ ማየት ብቻ ነው። እኔም ሃዛርዱን አብርቼ ቆምኩ። ያ ቤት በ1910 የተከፈተ ነው፣ ጥቁር ሰው የነጮቹ ቲያትር ውስጥ እንደ ልቡ በማይገባበት ዘመን። ኒውዮርክ አፖሎ፣ ባልቲሞር ሮያል፣ ፊላደልፊያ አፕታውን፣ ቺካጎ ሪጋል፣ ዲሲ ደግሞ ይሄ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ በየመንገዱ የተበተኑ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ትናንሽ ክለቦች። መስመሩን ቺትሊን ሰርኪት ይሉታል፣ ቺትሊን የአሳማ አንጀት ነው፣ እንግዲህ በኛ "የዱለት መስመር" እንደማለት። በ1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ሰፈሩ ተቃጠለ፣ ቲያትሩ በ1970 ተዘጋ፣ በመሃል ለጥቂት ዓመት ቢከፈትም ተመልሶ ተዘግቶ በ2012 ነው ታድሶ የተከፈተው። እኛ የመጣነው በመሃል ነው። ኪራዩ ለምን ርካሽ እንደነበር ሳንጠይቅ ነው ምጣዱን የጣድነው፣ እኔ ራሴ ያንን ሕንጻ ስንት ዓመት ዝግ ሆኖ እያየሁት መጋዘን ይመስለኝ ነበር።

"እዚህ የሚዘፍኑት ጎበዝ ባንድ ያጅባቸዋል" አሉ ሽማግሌው። "ከዚህ ሲወጡ ነው እኛ እጅ የሚወድቁት።"

ወጥ ቤት ውስጥ

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ዘፈኗ ሬዲዮ ላይ ትንሽ የተሰማላት ሶል ዘፋኝ የራሷን ባንድ ይዛ ለመዞር ገንዘቡ የላትም። ስምንት ሰው ማብላት፣ ማሳደር፣ ቤንዚን መሙላት ማን ይችላል? ጄምስ ብራውን ይችላል። ሌላው ብቻውን፣ ቢበዛ ከአንድ ጊታር ተጫዋች ጋር ነው የሚዞረው፣ በየከተማው የተገኘው ባንድ ያጅበዋል። ቸክ ቤሪ ሮክ ቢሆንም በዚህ የታወቀ ነው፣ ጊታሩን ብቻ ይዞ ይመጣል፣ ብሩን አስቀድሞ ይቀበላል፣ ምን እንደሚጫወቱ ሳይነግራቸው ይጀምራል። በ1973 እዚሁ ኮሌጅ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ያጀበው ገና ስሙ ያልወጣው ብሩስ ስፕሪንግስቲንና ባንዱ ነበር፣ ሰውዬው ስፕሪንግስቲንም በ16 ዓመቱ ጋራዥ ባንድ ውስጥ የነበረ ነው። በትልቁ ደግሞ ተገላቢጦሹን አስቡት፣ ጂሚ ሄንድሪክስ የሚባለው ጉድ በ1964ና 65 ከአይስሊ ብራዘርስና ከሊትል ሪቻርድ ኋላ ቆሞ የሚያጅብ ቅጥር ነበር።

የሽማግሌው ባንድ ግን ከኋላው ማንም የተደበቀበት ባንድ አልነበረም። 17 ዓመታቸው ነው፣ 1965፣ አንድ የኮሌጅ ተማሪዎች ቤት ፓርቲ ተዘጋጅቶ ከሌላ ከተማ ዘፋኝ ትመጣለች ተባለ። ዘፈኗን እንዲያጠኑ ሸክላዋ በፖስታ ይላክላችኋል ተብለው ነበር፣ አልመጣም። እሷ መጣች። ዝናብ ነው፣ ከአንድ ወንድሜ ነው ካለችው ሰው ጋር በአሮጌ መኪና ቀኑን ሙሉ ነድተው ነው የደረሱት፣ የተሰቀለ ቀሚሷን በፕላስቲክ ሸፍና ትይዛለች። "ታውቁታላችሁ?" አለቻቸው ዘፈኑን። "እናውቀዋለን" አሉ። የ17 ዓመት ልጅ ምን ይላል።

አንዴ አይታቸው ገባት። ወጥ ቤት ይዛቸው ገባች። ጠረጴዛው ላይ የቢራ ጣሳ ነው፣ ሳህን ነው፣ አንድ ጥግ ሶፋ የሌለው ሰው ተኝቷል። ሽማግሌው ይሄን ሲነግሩኝ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ተጠግተው፣ የፊቱን ወንበር ጀርባ በጣታቸው ይመታሉ። ለቤዙ ልጅ የቤዙን መስመር በአፏ አንጎራጎረችለት፣ ለኦርጋኑ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ጣቱን ይዛ የት እንደሚነሳ አሳየችው፣ ለድራም ልጁ የፍሪጁን በር በመዳፏ እየመታች፣ እዚህ ጋ ትቆማለህ፣ ሁሉም ሰው አለቀ ብሎ ያስባል፣ አላለቀም፣ አራት እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ትመለሳለህ። 20 ደቂቃ። ጠቅላላው ልምምድ ይሄው ነው።

ሌላውን የሰው ዘፈን፣ ያኔ ሁሉም ልጅ የሚያውቀውን ነው የተጫወቱት፣ እሱ ጥሩ ሄደ። የራሷ ዘፈን ላይ ሲደርሱ፣ ያቺ አለቀ የሚያስመስለው ቦታ ላይ፣ አቆሙ። አራት ቆጠረች። ማንም አልተመለሰም። ጊታሩ እንደውም ገመዱን ነቅሎ ለቀጣዩ ሊቃኝ ጀምሯል። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ፣ ቀጠለች። ያለ ምንም። ማጨብጨብ ጀመረች፣ ቤቱ ሁሉ ተከትሏት አጨበጨበ፣ አዝማቹን ሁለቴ ብቻዋን ዘፈነችና ጭንቅላቷን ሳታዞር በእጇ ከኋላዋ የፍሪጁን በር መታች። ፍሪጅ የለም እኮ፣ አየሩን ነው የመታችው። ድራም ልጁ ገባው፣ ገባ፣ ሁሉም ተከትለው ገቡ። ልጆቹ ሁሉ የተጠና ነው የመሰላቸው፣ ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ቀነሰ። ፓርቲው ሲያልቅ ቤቱን የሚያስተዳድረው ተማሪ የዘፋኟን ብር ለሳቸው ነው የሰጣቸው። እሷ እዚያው አጠገባቸው ቆማ። ለ17 ዓመት ልጅ፣ ያውም የተሳሳተው ባንድ ውስጥ ለነበረው፣ ነጭ ስለሆነ። "አንተ ስጣት" ብሏቸው ሄደ። እሳቸውም ሰጧት። እሷም ምንም ሳትል ቆጠረች፣ የነሱን አምስት አምስት ዶላር አንስታ ሰጠቻቸው፣ ከዚያ ከቦርሳዋ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አውጥታ የአምስቱንም ስም ጠየቀች፣ የአያት ስም ጭምር፣ ፊደሉን እያስቆጠረች ጻፈች። ለምን ነው አሏት። "በዚህ በኩል ስመለስ የማውቀው ባንድ እንዲኖረኝ።" ያን ባንድ! ያንን ያበላሸውን ባንድ! ማታውኑ ሄዱ፣ የት እንዳደሩ እሳቸው አያውቁም። ጥቁር ተጓዥ የት ማደር፣ የት መብላት፣ የት ቤንዚን መቅዳት እንደሚችል የሚናገረው ግሪን ቡክ የሚባለው መጽሐፍ ያኔ ገና ይታተም ነበር፣ የቆመው በ1966 ነው፣ በሕዝብ ቦታ ዘር መለየትን የከለከለው የ1964ቱ ሕግ ከወጣ ዓመት ያልሞላው ነገር ደግሞ ሌሊት መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚሠራ እናንተው ገምቱት።

"ስሟ ማን ነበር?" አልኳቸው።

ዝም አሉ። መስኮቱን እያዩ ቆዩና "እሱን ነው የረሳሁት" አሉኝ። "60 ዓመት ሙሉ ወጥ ቤቱን አስታውሳለሁ፣ ፍሪጁ ምን ቀለም እንደነበር አስታውሳለሁ። እሷ የኔን ጽፋዋለች። እኔ የሷን አልጻፍኩትም።"

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፣ እሳቸው ግን ምኑም አልነበሩም፣ አልወጉም አልተወጉም፣ ብር አቀባይ ነበሩ። ለዚያ የሚሆን ተረት ያለን አይመስለኝም።

ፖሊስ መጥቶ መስታወቱን አንኳኳ፣ ተንቀሳቀስ አለኝ። ሆቴላቸው በር ላይ ሳወርዳቸው ስሜን ጠየቁኝ፣ አፑ ላይ ያዩታል እኮ፣ ግን እንዴት እንደሚጠራ ነው የፈለጉት፣ ሁለቴ ደገሙት፣ ሁለተኛው ላይ ሊቀርቡ ምንም አልቀራቸውም።

50 ዶላር

ለአንድ ወር ያህል ፈለግኳት። ምን ይዤ? ምንም። የዘፈኑን ርእስ አያውቁትም፣ የመጣችበትን ከተማ አያውቁም፣ አለቀ የሚያስመስል ቦታ ያለው የ1960ዎቹ ሶል ዘፈን ብሎ ዩቲዩብ ላይ መፈለግ ደግሞ እንጀራ ላይ ዓይን እንደመቁጠር ነው፣ ግማሹ ዘፈን እንደዚያ ነው። ያገኘኋት የለችም። ግን ኤርፖርቱ ማቆያ ውስጥ ተራ ስጠብቅ የጋራዥ ባንዶቹንም አብሬ መስማት ጀመርኩ፣ በ1972 የወጣ ነጌትስ የሚባል ስብስብ አለ፣ 27 ዘፈን፣ እነዚያን የተረሱ ልጆች ከየጉድጓዳቸው አውጥቶ ያሳየ እሱ ነው፣ ከሱ ጀምሬ ወደ ኋላ ሄድኩ፣ እና ሁሉም ሰው የሚያውቀው ሉዊ ሉዊ ላይ ደረስኩ። ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንዴም አልሰማሁትም ነበር።

ዘፈኑን የጻፈው ሪቻርድ ቤሪ ነው፣ ሎስ አንጀለስ የሚኖር ጥቁር ዘፋኝ፣ በ1957 ያወጣው በሸክላው ጀርባ በኩል ነው። ሰርግ ደረሰበት፣ ገንዘብ አጠረው፣ መብቱን በ750 ዶላር ሸጠው። ሸክላው ግን ወደ ሰሜን፣ ወደ ሲያትልና ታኮማ ተጉዞ እዚያ ያሉ የሰፈር ባንዶች ያዙት። በ1963 ሚያዝያ ፖርትላንድ ውስጥ ኪንግስመን የሚባሉ ልጆች 50 ዶላር ቢሆን ነው ከፍለው ስቱዲዮ ገቡ። ማይኩ ከላይ ተሰቅሎ ስለነበር ዘፋኙ፣ ጃክ ኢሊ፣ የ19 ዓመት ልጅ፣ አንገቱን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጎ ነው የጮኸው። የሚለው አይሰማም። አይሰማም ተብሎ ነው ደግሞ ብልግና አለበት ብሎ ሰው የጠረጠረው፣ ኤፍ ቢ አይ እስኪመረምረው ድረስ! በየፍጥነቱ እያዞሩ ሰምተው በመጨረሻ ምን እንደሚል አይታወቅም ብለው ዘጉት። በግብር ከፋዩ ገንዘብ።

እኔን የያዘኝ ግን እሱ አይደለም። ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ሲል፣ የጊታሩ ሶሎ እንዳለቀ፣ ኢሊ ቀድሞ ይገባል። ተሳስቷል። አንድ ሁለት ቃል ብሎ ይገባውና ቀጥ ይላል። በዚያ ባዶ ቦታ ላይ ድራሙ ይገባና ድድድም አድርጎ ይሞላለታል፣ ከዚያ ኢሊ በትክክለኛው ቦታ እንደገና ይጀምራል። በቃ ይሄው ነው። እንደገና አልቀዱትም። ያ ስህተት ያለበት ሸክላ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ደርሶ ሚሊዮን ሰው ገዛው፣ በኋላ የመጡ ባንዶች ስህተቱን ጭምር ሸምድደው ነው የሚጫወቱት።

መኪናዬ ውስጥ ያቺን ሦስት ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደመለስኳት አትጠይቁኝ። ከበሮ በሰው እጅ ያምር ሲይዙት ያደናግር ይላሉ አበው፣ እውነት ነው፣ ግን የሰው ከበሮ ገበናህን ሲሸፍንልህ የሚሰማህን ነገር አልተናገሩትም።

የድራመሩ ስም ሊን ኢስተን ነው። ይሄን ሲሰማ ሰው ጀግና ያደርገዋል፣ ቆይ ግን። ዘፈኑ ከተቀዳ ወራት በኋላ የባንዱ ስም በኔ ነው የተመዘገበው ብሎ ካሁን በኋላ የምዘፍነው እኔ ነኝ አለ፣ ኢሊ ወጣ። ከዚያ ዘፈኑ ሲፈነዳ ቴሌቪዥን ላይ ኢስተን ቆሞ በኢሊ ድምፅ አፉን ያንቀሳቅሳል። ያዳነው እሱ፣ የነጠቀውም እሱ። እና ሁለቱም ከሪቻርድ ቤሪ ጋር ሲነጻጸሩ ያን ያህል አልተነጠቁም። ቤሪ የመብቱን ድርሻ በትግል መልሶ ያገኘው በ1980ዎቹ ነው፣ ሰርጉ ካለፈ፣ ትዳሩም ካለፈ በኋላ።

ትራንስፖዝ

አሁን ወደ ራሴ። ይሄ ነገር ለምን እንደዚህ እንቅልፍ እንደነሳኝ የገባኝ ዘግይቶ ነው።

በ2004 ለእንቁጣጣሽ ከአዲስ አበባ አንድ ዘፋኝ መጥቶ ነበር። አሠራሩን ታውቁታላችሁ፣ ቪዛ የሚገኘው ለዘፋኙ ነው፣ ባንዱ እዚሁ ይሰበሰባል፣ ዲሲ ሌላ ባንድ፣ ዳላስ ሌላ ባንድ፣ ሲያትል ሌላ ባንድ፣ አንድ ቀን ልምምድ በሰው ቤዝመንት፣ ከዚያ ስቴጅ። የዱለት መስመር ያልኩት ለቀልድ አልነበረም። እኔ ኪቦርድ ነኝ፣ ድራም ላይ ያለው ልጅ ቀን ቀን ታክሲ ይነዳል፣ ከሌላ ስቴት በቅርብ የመጣ ነው፣ ግራኝ ስለሆነ ድራሙን ሁሉ ገልብጦ ነው የሚተክለው፣ ሳውንድ ማኑ ማይኮቹን እንደገና ለማዞር እያማረረ ነበር። ሁላችንም ግራኙ ነው የምንለው።

ዋናው ዘፋኝ ከመግባቱ በፊት አንድ የዚሁ አገር ልጅ ሁለት ዘፈን ዘፈነ፣ ድምፁ ቀጠን ያለ ስለሆነ ትራንስፖዙን (የኪቦርዱን ቅኝት በሙሉ ከፍ ዝቅ የምታደርገዋን ቁልፍ) ሁለት ከፍ አድርጌለት ነበር። ረሳሁት። ዋናው ገባ፣ አዳራሹ ጮኸ፣ መግቢያውን እኔ ነኝ ብቻዬን የምጀምረው፣ ጀመርኩ፣ ሁሉም ሰው ያወቀው ዘፈን ነው፣ እልልታው ቀለጠ፣ ከዚያ ቤዙና ሳክሱ ገቡ።

ኪቦርድ የነካችሁ ታውቁታላችሁ። ላልነካችሁ፣ ሁለት ሬዲዮ ጣቢያ በአንድ ላይ እንደመክፈት ነው። እኔ ደግሞ ስህተቱ የኔ መሆኑ እንኳን አልታየኝም፣ ቤዙን ነው የገላመጥኩት! ዘፋኙ ማይኩን አፉ ጋ አድርሶ ዞር ብሎ አየኝ። ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም። በዚህ መሃል ግራኙ ቶሞቹ ላይ ረጅም ነገር አንደረደረና ሁሉንም አስቁሞ ችክችካውን ብቻውን ያዘ። ብቻውን። እኔን እያየኝ በአገጩ ወደ ኪቦርዱ ጠቆመኝ፣ ወደ ቀኝ ጥግ፣ ቀይ መብራቷ ላይ። ከድራም ሆኖ እንዴት እንዳያት እግዜር ይወቅ። ወደ ዜሮ መለስኩት። ዘፋኙም ጎበዝ ነው፣ "እጅ ወደ ላይ!" ብሎ ሕዝቡን ማስጨብጨብ ጀመረ፣ ስምንት ቤት ያህል እንደዚያ ሄደ፣ ከዚያ ሁላችንም አብረን ገባን። አዳራሹ አበደ። በኋላ አንድ ሰው መጥቶ "ያቺ በድራም ብቻ ያደረጋችኋት ነገር ገዳይ ናት" ብሎኛል።

መጨረሻ ላይ ዘፋኙ ምስጋና አቀረበ። ስፖንሰሩን፣ ሬስቶራንቱን፣ ትኬት ቢሮውን፣ ፕሮሞተሩን እስከነባለቤቱ። "ባንዱንም አመሰግናለሁ" አለ፣ ወጣ። አልፈርድበትም፣ ባንዱን ያገኘው ሐሙስ ማታ ነው፣ ደብተርም አልያዘም። እኔም እኮ አልያዝኩም። ኬብል እየጠቀለልኩ ግራኙን "አተረፍከኝ ወንድሜ" አልኩት፣ ሳቀ፣ ታክሲውን ለሌሊት ሺፍት ማድረስ ነበረበት፣ ዱላውን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰርግ አብረን የሠራን ይመስለኛል። ከዚያ የለም። የሃዋርድ ቲያትሩ ሰውዬ "እኔ የሷን አልጻፍኩትም" ሲሉኝ አንገቴ ላይ የሞቀኝ ለዚህ ነው።

ማን ተጻፈ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፣ ግን የማን ስም እንደሚውል የሚወስነው ብዙ ጊዜ ማተሚያ ቤቱ ነው። ሞታውን የሚባለው ካምፓኒ ያን ሁሉ ዘፈን ሲያወጣ ቤዙን አብዛኛውን የተጫወተው ጄምስ ጀመርሰን ነው፣ የኛ ሰውም ሳያውቀው በሱ ቤዝ ስንት ጊዜ ጨፍሯል፣ ስሙ ሸክላ ልባስ ላይ ወጥቶ የታየው በ1971 ነው። በ1983 ካምፓኒው 25ኛ ዓመቱን በትልቅ ዝግጅት ሲያከብር ትኬት ከአትራፊ ገዝቶ ኋላ ተቀምጦ አየ፣ በዚያው ዓመት ሞተ።

ተገላቢጦሹም አለ፣ እሱን ሳገኝ ደስ አለኝ። ፐርሲ ስሌጅ አላባማ ውስጥ ሆስፒታል ረዳት ሠራተኛ ነበር፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰፈር ባንድ ጋር ይዘፍናል። በ1966 ያ ሁሉም ፍቅረኛ የሚያውቀው ዘፈኑ፣ "ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን"፣ አንደኛ ወጣ። ባለቤት ተብለው የተመዘገቡት ግን የባንዱ ቤዝና ኦርጋን ተጫዋቾች ናቸው፣ እሱ ራሱ ነው ስጧቸው ያለው። ስንት ሚሊዮን ብር እንደሰጠ ያኔ አላወቀም፣ በኋላ ሲጠይቁት መቆጨቱን አልደበቀም። እኔ ግን ለራሱ ባያስቀር እንኳን ሦስተኛ ስም አድርጎ መግባት ነበረበት ባይ ነኝ፣ ደግነትም ልክ አለው። ዘፈኑ ላይ ያሉት ጥሩምባዎች ደግሞ ከቅኝት የወጡ ናቸው፣ እንደገና ይቀዱ ተብሎ ተቀድተው ነበር፣ ቴፑ ተቀያይሮ የተበላሸው ወጣ ይባላል። አሁን ሂዱና ስሙት፣ እውነት ነው፣ ትንሽ ወጣ ይላሉ። ማንም ግድ ብሎት አያውቅም።

ግራኙን መጠየቅ ጀምሬያለሁ። ሳክስ ይጫወት የነበረውን ጋሼን አሌክሳንድሪያ ሻይ ቤት አገኘኋቸው። "ማን፣ ግራኙ? ውይ፣ ግሩም ልጅ!" አሉ። ስሙስ? ስኒያቸውን አስቀመጡ፣ ጣራውን አዩ፣ "ቆይ፣ ምላሴ ላይ አለ" ብለው አንዴ ዳዊት አንዴ ዳንኤል ካሉ በኋላ ተዉት። ዴንቨር ሄዷል የሚል አለ፣ አገር ቤት ገብቷል የሚልም አለ። የቤዙ ልጅ ደግሞ "በፌስቡክ ፈልገው" አለኝ። በምን ስም?

ከዚያ የቪዲዮው ነገር ትዝ አለኝ። ያንን ሾው የቀረጸው ሰርግ የሚቀርጽ ልጅ ነበር፣ ቪኤችኤሱን ወደ ዲቪዲ ገልብጦ ለእያንዳንዳችን ሰጥቶናል፣ ከክፍያችን ላይ አስር ዶላር ቆርጦ። ቤዝመንት ካርቶን ውስጥ አገኘሁት፣ የሚያጫውተው ማሽን ግን ቤት የለም፣ ከጎረቤት ተውሼ መጣሁ። ካሜራው ዘፋኙን ነው የሚከተለው። ሱሪው ላይ ያለውን መታጠቂያ ሳይቀር ታያላችሁ። እኔ አንዴ በግማሽ ትከሻ እታያለሁ፣ ፀጉር ነበረኝ። መግቢያው መጣ፣ ቤዙና ሳክሱ ገቡ፣ ዛሬም ሆዴን ቆረጠኝ፣ ካሜራማኑም የደነገጠ ይመስለኛል፣ ካሜራውን በአንዴ ወደ ሕዝቡ አዞረው። የሚሰማው ድራሙ ብቻ ነው። የሚታየው እጃቸውን ያነሱ ሰዎች፣ አንዲት ሕፃን አባቷ ትከሻ ላይ። ከዚያ ወደ ስቴጁ ሲመለስ ከሲምባሉ በላይ የግራ እጅ ይታያል፣ ዱላው ጫፉ ላይ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ቀጥሎ ዘፋኙ ይሸፍነዋል።